የላም ግት በሽታና ጥበቃው በአገው ምድር

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1770) ወደ ግሽ ዓባይ በመጣ ጊዜ ስለ ዳሞት አገው ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ የቅቤ ነገር ነው። እርሱ እንደሚለው የአገው ሰዎች ከብት፥ ማር፥ ቅቤ፥ ስንዴ፥ ቆዳና ሰም ይዘው አንድ ጊዜ ሺህ፥ አንድ ጊዜ ሺህ አምስት መቶ እየሆኑ በየተራው ወደ ጎንደር ይሄዱ ነበር። መንገዱ ረዥም፥ ቆላውም ሞቃት ስለ ሆነ ቅቤው ቀልጦ እንዳይበላሽ መቅመቆ የሚባለውን ካሮት የሚመስል ቢጫ ሥር ወቅጠው ጥቂት ይቀላቅሉበት እንደ ነበረም ይነግረናል። ጎንደር የነገሥታት ከተማ በነበረችበት ዘመን ቤተ መንግሥቱና ገበያው ከሚቀለቡባቸው አገሮች አንዱ አገው ምድር ነበረ ማለት ነው።

ይህን ስናነብ ቅቤውን እናስባለን፤ ተሸካሚዎቹን እናስባለን፤ መቅመቆውንም እናደንቃለን። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ቅቤ የተጀመረው በማለዳ ከበረት ውስጥ ከላሚቱ ጎን ቁጢጥ ካለች አንዲት ሴት እጅ ነው። የታሪክ ጽሑፎቻችን ስለ ዘመቻና ስለ ግብር ብዙ ሲናገሩ ወደዚያች ሴት እጅና ወደ ላሚቱ ግት እምብዛም አይመለከቱም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ይህን ነው፤ የአገራችን የከብት ሕክምና ያደገው ከብትን በጅምላ ከሚገድል በሽታ ጋር በመታገል ስለ ሆነ፥ የማይገድለው ነገር ግን ቤትን የሚያደኸየው የግት በሽታ ከአዲሷ ላም ጋር ሲመጣ በአገው ምድር ቤት የጠበቀው የለም። ላሟ ተለወጠች፤ የአላቢዋ እጅና የበረቱ ወለል ግን እንደ ቀድሞው ቀሩ።

አገው ምድር የምለው አብዛኛው ክፍሉ በቀድሞው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት በዚሁ ስም አውራጃ ይባል የነበረውን፥ ዛሬ የአዊ ዞን የምንለውን አገር ነው። እንጅባራና ዳንግላ ዋና ዋና ከተሞቹ ናቸው። ደጋና ወይና ደጋ ሲሆን ዝናቡ ብዙ፥ አፈሩም በአብዛኛው ቀይ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው ምን እንደሚመስል በእንጅባራ ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ይህ ጭቃ ለኋላው አሳባችን ስለሚያስፈልገን አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ።

አስቀድሞ በሽታውን ራሱን ማወቅ ይገባል። የላም ግት በአራት ክፍል የተከፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል በየራሱ ጡት ይፈስሳል እንጂ ወተቱ ከአንዱ ወደ ሌላው አይተላለፍም። በጡቱ ጫፍ ላይ ያለችው ቀዳዳ ስትታለብ ትከፈታለች፤ ከታለበችም በኋላ ፈጥና አትዘጋም፤ ግማሽ ሰዓት፥ አንዳንድ ጊዜም አንድ ሰዓት ያህል ትቆያለች። በዓይን የማይታዩት ባክቴሪያዎች የሚገቡት በዚያች ቀዳዳ ነው። አንዳንዶቹ የሚኖሩት በታመመው ግትና በጡቱ ቆዳ ላይ ስለ ሆነ በአላቢው እጅ፥ በጨርቅና በጥጃ አፍ ከላም ወደ ላም ይተላለፋሉ። ሌሎቹ የሚኖሩት በፋንድያና በጭቃ ውስጥ ስለ ሆነ ላሟ በተኛችበት ያገኟታል። ግቱ ሲያብጥና ሲግል፥ ወተቱም አይብ መስሎ ሲቋጠር ወይም ደም ሲቀላቅል በሽታው ግልጥ ነው። የሚከፋው ግን ስውሩ ነው፤ ወተቱ ነጭ፥ ግቱም ደኅና መስሎ ሳለ የወተቱ መጠን ቀስ በቀስ ይጎድላል። በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ከተሞች በተደረጉ ምርመራዎች ዘወትር በብዛት የተገኘው ይኸው ስውሩ ነው፤ ከባክቴሪያዎቹም መካከል ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለውና በእጅ የሚተላለፈው በብዙዎቹ ምርመራዎች ቀዳሚ ሆኖ ተገኝቷል።

አሁን ወደ ቀድሞዋ ላም እንመለስ። የአገራችን ላም በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ወተት ትሰጣለች፤ ጥጃዋ ካልጠባት ግን አትሰጥም። ስለዚህ ጥጃው መጀመሪያ ይለቀቃል፤ ግቱን በአፍንጫው እየጎሸመ ጥቂት ከጠባ በኋላ ወተቱ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ጥጃው ይታሰርና ላሟ ትታለባለች። አላቢዋ ስትጨርስ ጥጃው እንደ ገና ተለቅቆ የቀረውን ይጠርገዋል። ጥጃው የሞተ እንደ ሆነ ቆዳውን ጭድ ሞልቶ ፊቷ ማቆም ከጥንት ጀምሮ በብዙ አገር የታወቀ ዘዴ ነው። ይህ ልማድ ወተት ለማግኘት የተፈጠረ ቢሆንም ሳይታሰብ የግት ጥበቃ ሆኖ ኖሯል። ግት ውስጥ የሚቀር ወተት ለባክቴሪያ ምግብ ነው፤ ጥጃው ግን አያስቀርም። በሌሎች ሞቃት አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም ከአለባ በኋላ ጥጃ የሚጠባቸው ላሞች በግት በሽታ የሚያዙት በመጠኑ ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። እርግጥ ነው፤ ያው ጥጃ ከታመመው ጡት ወደ ደኅናው ሲዘዋወር በሽታውንም ያዘዋውራል።

የወተቱ ዕቃ ጥበቃ ደግሞ የሚያስመሰግን ነው። ማለቢያውና መናጫው ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። እናቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ለሽታው ነው ይላሉ፤ ጭሱ ግን ባክቴሪያንም ይቀንሳል። ያልታጠነ ዕቃ ይዛ ወደ ላም የምትቀርብ ሴት በጎረቤት ዘንድ ትታማለች። ሆኖም ጥንቃቄው ሁሉ ለዕቃው ነበር፤ ለግቱ አልነበረም። ጡቱን ማጠብ የተለመደ አይደለም፤ ጥጃው በምላሱ ካረሰው ይበቃል ይባላል። እጅም ቢሆን ከመታጠብ ይልቅ እንዲያሟልጭ ቅቤ ወይም የራሷ የላሟ ወተት ይቀባል። አስተላለቡም ጡቱን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ይዞ ወደ ታች መሳብ ነው፤ ይህም በየዕለቱ ሲደጋገም የጡቱን ውስጥ ያቆስላል። በሙሉ መዳፍ ጨብጦ ማለብ ይሻል ነበር።

በአያቴ ቤት፥ ከዳንግላ ጥቂት ወጣ ብሎ፥ ባለ ሦስት ጡት ላም ነበረች። ስትወለድ አራት ነበራት፤ አንደኛው ሞቶ ነው። እኔ ሕፃን ሆኜ ጡቷ ለምን እንደ ሞተ ብጠይቅ አያቴ የመለሱልኝ በአንድ ቃል ነው፤ «ዓይን»። የግት እብጠት ድንገት የሚመጣ፥ ትናንት ደኅና የነበረውን ዛሬ የሚያበላሽ ስለ ሆነ በሰው ዓይን ማሳበቡ አያስደንቅም። ወተት ከቤት ሲወጣ የሚሸፈነውም ስለዚሁ ነው። እኔ በዚህ አልሥቅም። አያቴ ያዩት ነገር እውነት ነበር፤ በሽታው ከቤት ወደ ቤት፥ ከላም ወደ ላም የሚሄደው ሰው ሲገባና ሲወጣ ነው። የተሳሳቱት ዓይን ማለታቸው ነው፤ እጅ ቢሉ ኖሮ ትክክል በሆኑ። ደግሞም ላሟ በሦስት ጡት ጥጃዋን አሳደገች፤ ቤቱም ቅቤ አላጣም። በቀን አንድ ሊትር ለምትሰጥ ላም የአንድ ጡት መሞት ሐዘን እንጂ ጥፋት አልነበረም። ለዚህም ነው በሽታው ስም እንኳ በቅጡ ሳይወጣለት የኖረው።

ጥፋት የሚባለው ሌላ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ኢጣሊያኖች ወደ ምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የከብት መቅሠፍት ገባ፤ በሚከተለው ዓመት ወደ መሐል አገር ተዛመተ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየው ክፉ ቀንም በዚሁ ጀመረ። ከአገሪቱ ከብት ከመቶ ዘጠናው ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ላም የሌላት እናት ልጅዋን የምታጠጣው አጣች። የሚያስደንቀው ግጥጥም፥ በዚያው በ1887 በፈረንሳይ አገር በአልፎር የከብት ሕክምና ትምህርት ቤት ኤድሞን ኖካር ከባልደረባው ከሞለሮ ጋር ሆኖ የሚተላለፈውን የላሞች ግት በሽታ የሚያመጣው ሰንሰለት መሳይ ባክቴሪያ መሆኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ ማሳተሙ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ በፓሪስ አጠገብ የግት በሽታ ምክንያቱ ታወቀ፤ በምጽዋ ደግሞ ለሚከተለው መቶ ዓመት የከብት ሐኪሞቻችንን አሳብ ሁሉ የሚይዘው ጠላት ከመርከብ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ የከብት ሕክምና ማለት መቅሠፍትን መከላከል ማለት ሆነ። በደብረ ዘይት የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ሥራ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ነው፤ ዋና ሥራውም ክትባት ነው። በዚያው ከተማ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1979 ሲሆን እስከዚያ ድረስ ኢትዮጵያዊ የከብት ሐኪም የሚማረው በውጭ አገር ነበር። ከብት ወደ መስክ ይነዳል፤ መርፌ ይወጋል፤ ይመለሳል፤ ገበሬው ስለ ከብት ሐኪም የሚያውቀው ይህን ነው። ይህ ድካም ከንቱ አልቀረም። ኢትዮጵያ በ2008 ከመቅሠፍቱ ነጻ መሆኗ ታወቀላት፤ በ2011 ደግሞ በሽታው ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ተነገረ። በሰው ልጅ ታሪክ ከፈንጣጣ ቀጥሎ የጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው፤ ልንኮራበትም ይገባል።

ነገር ግን ዘመቻ ለሁሉ በሽታ አይሆንም። የግት በሽታ ክትባት ተወግቶ የሚጠፋ አይደለም፤ መስክ ላይም አይገኝም። በየቤቱ፥ በየላሟ፥ በየማለዳው የሚጠበቅ ነው። ሐኪም በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ የሚያደርገው ሳይሆን አላቢዋ በቀን ሁለት ጊዜ የምታደርገው ነው። የምትማረው ደግሞ ከማን ነው? በአዊ ፈረስ ማኅበር አለው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ያጌጡ ፈረሶች ሲሰለፉ አገር ሁሉ ይወጣል። ፈረሱ ይገባዋል፤ ላሚቱ ግን የሚወጣላት የለም።

አዲሷ ላም የመጣችበት ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ አንራ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ የወተት ከብቶች ለኢትዮጵያ ሰጠ። በ1960 በዩኒሴፍ እርዳታ በሾላ የወተት ማዘጋጃ ተቋቋመ። ይህ ሁሉ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ነገር ነበር። ወደ ጎጃም ሲመጣ፥ በባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ ጣቢያ በ1964 ተመሥርቶ የፎገራን ከብት ማጥናትና ማራባት ያዘ። በአዊ በጓንጓ ወረዳ የሚገኘው የመተከል የከብት ማራቢያ ጣቢያ ደግሞ በ1986 ተቋቁሞ የፎገራን ላም ከፍሪዥያን በማዳቀል ያረገዙ ጊደሮችን ለገበሬ ወደ ማከፋፈል ተሰማራ። ገበሬው ይህችን ጊደር «የፈረንጅ ላም» ይላታል፤ ግማሿ የፎገራ መሆኑን እየረሳ።

የፈረንጅ ላም በደኅና አያያዝ በቀን 8 ወይም 10 ሊትር ትሰጣለች። ይህን ያህል ወተት የሚይዝ ግት ትልቅና ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ለጭቃና ለፋንድያ ይቀርባል። ብዙውን ጊዜም ጥጃዋ ሳይጠባት ስለምትታለብ የመጨረሻውን ወተት የሚጠርግላት የለም። ደግሞም እንደ አገሬው ላም በመስክ አትውልም። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ብዙው መሬት ለከሰል የሚሆነው ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ተተክሎበታል። ገበሬው ከከሰሉ ገንዘብ አግኝቷል፤ እኔም አልነቅፈውም፤ የግጦሹ መሬት ግን ጠብቧል። ስለዚህ ላሟ ታስራ ትውላለች፤ በቆመችበት ትጥላለች፤ በዚያው ላይ ትተኛለች። ክረምቱ ደግሞ ያ አስታውሱ ያልኩት ጭቃ ነው።

በእኛ ቤት የሆነውን ልናገር። ወላጆቼ ሁለት በሬ ሸጠው አንዲት ያረገዘች የፈረንጅ ጊደር ገዙ። በሐምሌ ወለደች፤ እንገሩም በዛ፤ ጎረቤት እየመጣ እምቦሳ እሰሩ አለን። በሁለተኛው ወር ውስጥ አንድ ማለዳ የኋላ ቀኝ ጡቷ አብጦ፥ ስትነካ የምትራገጥ ሆነች፤ ወተቱም እንደ አይብ ተቋጠረ። አባቴ ከገበያ መርፌ የሚወጋ ሰው አመጣ። ሰውዬው አንድ ጊዜ ወጋት፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። በማግሥቱ እብጠቱ ጎደለ፤ ወተቱም ነጣ፤ ደስ አለን። እናቴም የዚያን ቀን ወተት እንደ ልማዷ አጠራቅማ ለእርጎ አስቀመጠችው። ሁለት ቀን ሆነው፤ አልረጋም። ሦስት ቀን ሆነው፤ አልረጋም። እናቴ ዕቃውን ደግማ አጠነች፤ አሁንም አልረጋ አለ። እርሷም እንደ አያቴ በሰው ዓይን አሳበበች።

ዛሬ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ወተትን የሚያረጋው ራሱ ባክቴሪያ ነው፤ ደግ ባክቴሪያ። በላሟ የተወጋው መድኃኒት ከደሟ ወደ ወተቷ ይገባልና የታመመውን ግት ባክቴሪያ እንደሚገድል ሁሉ እርጎ የሚሠራውንም ይገድለዋል። ስለዚህ የእናቴ ያልረጋ ወተት መድኃኒት ያለበት ወተት ነበር፤ ልጆችም ጠጥተውታል። በሠለጠነው ዓለም የወተት ፋብሪካዎች ይህን የሚመረምሩበት መሣሪያ አላቸው፤ የአንዳንዱ አሠራርም ከእናቴ ዕቃ አይለይም፤ ባክቴሪያን በወተቱ ውስጥ ጨምሮ ያድግ እንደ ሆነ ማየት ነው። እናቴ ውጤቱን በትክክል አይታለች፤ ትርጉሙን የነገራት ግን የለም። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከመጨረሻው መርፌ በኋላ የሦስት፥ የአራት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ቀኖች ወተት ለሰው መዋል አይገባውም። ጾም ስለ ሆነ ተንጦ ቅቤ ይሁን ማለትም አያዋጣም።

የላሟም ነገር በዚያ አላበቃም። ሰውዬው አንድ ቀን ብቻ ስለ ወጋት በግቱ ውስጥ የተደበቀው ባክቴሪያ አልሞተም ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሽታው ተመለሰ፤ በእናቴ እጅም ወደ ሁለተኛው ጡት ተሻገረ። እስከ መስከረም ሁለት ጡት ሞተ። አሥር ሊትር ይጠበቅባት የነበረች ላም አራት ሰጠች። በሬዎቹ ተሽጠዋል፤ እርሻው በኪራይ በሬ ሆነ። በአያቴ ላም አንድ ጡት ሲሞት የጎደለው ጥቂት ወተት ነበር፤ በእኛ ቤት የጎደለው ግን የዓመት እርሻ ነው።

እንግዲህ ሌሎች ይህን በሽታ እንዴት አሸነፉት ብለን ብንጠይቅ፥ መልሱ አላሸነፉትም የሚል ነው፤ መቀነስን ግን ተማሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፔኒሲሊን በብዛት ሲገኝ በእንግሊዝ አገር ብዙዎች የግት በሽታ ሊያበቃለት ነው ብለው ነበር። መድኃኒቱ ብዙ ላሞችን ፈወሰ፤ በሽታው ግን አልጠፋም፤ የተፈወሰችው ላም በሚቀጥለው ወር እንደ ገና ትያዛለችና። በሬዲንግ አጠገብ በሚገኝ የወተት ምርምር ተቋም የነበሩት ፍራንክ ዶድ፥ ኒቭና ባልደረቦቻቸው በ1960ዎቹ ጥያቄውን ለወጡት። የታመመችውን እንዴት እንፈውስ ከማለት ይልቅ ደኅናዋ እንዳትያዝ ምን እናድርግ፥ የተያዘችውስ በሽታው በግቷ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ እንዴት እናሳጥር አሉ። ከዚህም ባለ አምስት ነጥብ የሚባለው ሥርዐት ወጣ። ከታለበች በኋላ ጡቷን በመድኃኒት መንከር፥ ስትነጥፍ ለአራቱም ጡት በውስጥ የሚሰጥ መድኃኒት ማድረግ፥ የታመመችውን ፈጥኖ በሙሉ ማከም፥ ደጋግማ የምትታመመውን ማስወገድ፥ የማለቢያውን ማሽን መጠበቅ ነው።

ይህን ወደ እንጅባራ ስናመጣው አንዳንዱ ይገጥማል፤ አንዳንዱ አይገጥምም። ማሽን የለንም፤ በማሽኑ ፈንታ እጅ አለ። ስለዚህ ከማለብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፥ ጡቱን በንጹሕ ውሃ አጥቦ ለየላሟ በተለየ ጨርቅ ማድረቅ፥ ጥፍርን መቁረጥ የማሽን ጥበቃን ቦታ ይይዛል። ጨርቁ አንድ ሆኖ ለሁሉ የሚዞር ከሆነ ግን ባይታጠብ ይሻላል፤ በሽታን ማደል ነውና። ከአንድ በላይ ላም ያለው ሰው ደኅናዎቹን አስቀድሞ፥ የታመመችውን በመጨረሻ ማለብ አለበት፤ ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ጡት መንከሪያውም አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ሲሆን ለአንድ ላም የሚፈጀው ጥቂት ነው። ደጋግማ የምትታመመውን ማስወገድ የሚለው ግን አንዲት ላም ብቻ ላላት ቤት የሚነገር ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ገበሬ ከስልሳ አንዷን ያወጣል፤ የእኛው ከአንዷ ምን ያወጣል? እዚህ ላይ ሥርዐቱ ለሌላ አገር የተሠራ መሆኑ ይታወቃል። በእኔ አስተያየት ስለዚሁ ምክንያት መከላከሉ ለእኛ ከእነርሱ ይልቅ ይበልጥ ያስፈልገናል፤ የምንለውጣት ሁለተኛ ላም የለችንምና።

የአገሬው ላም ጥጃዋ ሲያድግ ቀስ በቀስ ራሷ ትነጥፋለች። የፈረንጅ ላም ግን ሳትነጥፍ እስክትወልድ ልትታለብ ስለምትችል ከመውለዷ ሁለት ወር ያህል አስቀድሞ ማንጠፍ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ የሚሰጠው የጡት ውስጥ መድኃኒት ተደብቆ የኖረውን በሽታ ለማጥፋት ከሁሉ የተመቸ ነው፤ ወተቷን የሚጠጣ ስለሌለ ጉዳት የለውም። ይህን ግን የሚያውቅ ሐኪም ያድርገው እንጂ የገበያ መርፌ ወጊ አይሁን።

ስውሩን በሽታ ማወቂያም አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 በካሊፎርኒያ ሻልምና ኑርላንደር የሚባሉ ሰዎች ሳሙና መሰል ፈሳሽ ከወተት ጋር ሲቀላቀል የታመመው ወተት እንደ ንፍጥ እንደሚረጋ አሳዩ፤ ይህ እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ነው። በኋላም በፓኪስታን ተመራማሪዎች በልብስ ዱቄት ሳሙና ተመሳሳይ ሥራ መሥራት እንደሚቻል አረጋገጡ፤ በመቶ እጅ ውሃ ሦስት እጅ ሳሙና በጥብጦ ከየጡቱ ወተት ጋር እኩል ቀላቅሎ ማወዛወዝ ነው። ከአራቱ ጡት አንዱ ቢረጋ ያ ጡት ታሟል። ከዚህም የቀለለ አለ፤ በየማለዳው የመጀመሪያውን ወተት ሁለት ሦስት ጊዜ በጥቁር ጨርቅ በተሸፈነ ዕቃ ላይ ጨምቆ ቁጥር መኖሩን ማየት። በብዙ ቤት ይህ የመጀመሪያ ወተት በመሬት ላይ ይፈስሳል፤ መሬቱም ባክቴሪያውን እስከሚቀጥለው አለባ ድረስ ያስቀምጥለታል።

እናቴ አሁን የምታልበው የዚያችን ላም ልጅ ነው። በረቱ ወለሉ በድንጋይ ተነጥፎ ወደ አንድ ወገን እንዲያዘቀዝቅ ተደርጓል፤ በላዩም ደረቅ ገለባ ይጎዘጎዛል። ዕቃዋን እንደ ጥንቱ በወይራ ታጥናለች፤ ከዚያም እጅዋን ትታጠባለች። ጥቁሩ ጨርቅ ያረጀ ነጠላዋ ነው፤ ከሰል አጥቁራ ነከረችው። ወተት ይዛ ስትወጣ አሁንም ትሸፍነዋለች፤ እኔም ተዪው ብዬ አላውቅም፤ ዝንብ ይከለክላል። ላሟ ታልባ ጡቷ ከተነከረ በኋላ ድርቆሽ ይቀርብላታል፤ እርሱን በልታ እስክትጨርስ ድረስ ቆማ ትቆያለች፤ ጡቷም እስከዚያ ይዘጋል።